ጉልት በሪሞት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ጭሰኝነትም አብሮ ተሻረ። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ሁሉን አስበው አንድ ነገር ብቻ ዘነጉ፤ የቤት ጣሪያን። በዚያች ክፍተት ይኸው በመተማዋ ከተማችን በሸሕዲ እስከ ዛሬ ማንም ያልነካው ባለጉልት ተቀምጧል። መሰላል ተሸክሞ ይመጣል፤ ቆርቆሮ ላይ ይወጣል፤ ሲወርድ የቤቱ ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩ ጉልቱ ሆኗል። ቤቱን የሠራው፣ ዕቃውን የገዛው፣ የመብራት ሂሳብ የሚከፍለው ሰውዬ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ገባር ነው።

ስለ ዲሽ ሠሪዎቻችን ነው የማወራው። ልወቅሳቸው የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ፤ ወቃሽስ ሞልቷቸዋል። በየቡና ቤቱ ስማቸው ሲነሳ የሚወርድባቸውን እርግማን ሰምቼ፣ አንድ ሰው እንኳ ጥብቅና ይቁምላቸው ብዬ ነው።

የክሱ ጭብጥ ይኼ ነው። አንዲት የቡና ቤት ባለቤት ሳህኑን ገዙ እንበል። ሪሲቨሩን ገዙ፤ ዓይኑን (ኤልኤንቢውን) ገዙ፤ ገመዱን በሜትር አስለክተው ገዙ፤ የእጅ ዋጋም ከፈሉ። ልጁ ሳህኑን አቁሞ፣ የሲግናሉን ኳሊቲ አምጥቶ፣ ስፖርቱን ከላይ፣ ዜናውን ከመሃል፣ ማንም የማያየውን ከታች ደርድሮ ጨረሰ። ከመውረዱ በፊት ግን የሪሲቨሩን ሜኑ በፓስወርድ ቆለፈው። ትንሽ ቆይቶ ቻናል ጠፋ። ሴትዮዋ ሪሞቱን አንስተው ልፈልግ ቢሉ የገዛ ዕቃቸው አራት ቁጥር ይጠይቃቸዋል። ይደውላሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ዕቃ ቁጥር አምጪ ይለኛል።»

«አይንኩት እትዬ! እንዳይበላሽ። እኔ እመጣለሁ።»

«አንተስ ና፤ እስክትመጣ ቁጥሩን ንገረኝና ልጄ ይሞክረው።»

«እትዬ ሙች፣ ቁጥር አይሰጥም። እሱ እኮ የእኔ ሥራ ነው።»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል። እኔ ግን ልጁን አደንቀዋለሁ። የዓለም ሀብታሞች በጠበቃ የሚከራከሩበትን ጉዳይ እሱ በአንድ የስልክ ጥሪ፣ ያውም ሴትዮዋ በደወሉበት ሂሳብ ጨርሶታል። ዕቃው የእርስዎ ነው፤ ዕቃው ውስጥ ያለው የቻናል ድርድር ግን የእኔ ነው ማለቱ ነው። እስቲ የጥብቅናዬን ነጥቦች አንድ በአንድ ላቅርብ።

አንደኛው ላብ ነው። በሚያዝያ ወር ሸሕዲ ላይ ቆርቆሮ የነካ ሰው ይህን ለመረዳት ምስክር አያስፈልገውም። ጥላ ውስጥ 40 ዲግሪ በሚሆንበት አገር፣ እኩለ ቀን ላይ ጣሪያ ወጥቶ ሳህን በጣት እያነቃነቁ «መጣ? አልመጣም? አሁንስ?» እያሉ መጮህ ቀልድ አይደለም። ላቡን ያፈሰሰበት ነገር የእሱ ቢሆን ምን ይገርማል?

ምንም አይገርምም። እንዲያውም መርሁ ጥሩ ስለሆነ ለምን ጣሪያ ላይ ይቀራል? ሳሉጎቹንም ጥሩልኝ። በየክረምቱ ከደጋው በጭልጋ፣ በነጋዴ ባሕር በኩል እየወረዱ በመተማ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ ሰሊጡን የሚያርሙት፣ ሲደርስም አጭደው ነዶውን እያሰሩ የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው፤ ቆርቆሮ ባይኖረውም ወባ አለው። እንግዲህ በላብ ከሆነ ባለቤትነቱ የሳሉጉ ነው፤ ኩንታሉ ምርት ገበያ መጋዘን ሲገባም ደረሰኙ በስሙ ይጻፍለት። ይህን ሐሳብ ለአንድ ባለ እርሻ ብነግረው ከወንበሩ ይወድቃል። ሳሉጉም ቢሆን አይጠይቅም፤ የቀን ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሳሉጉን ከዲሽ ሠሪው ያሳነሰው የላብ ማነስ አይደለም፤ ነዶውን የሚቆልፍበት አራት ቁጥር ማጣቱ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ ጥበብ ነው። ልጁ የሚያውቀውን ሴትዮዋ አያውቁም። ይህ ጥበብ ምን እንደሆነ ለመግለጽ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ፤ ታሪኩ ደስ ስለሚለኝም ነው።

ቀደም ሲል የአገራችን ጣቢያዎች የሚታዩት ናይልሳት ከሚገኝበት ከምዕራብ 7 ዲግሪ አካባቢ ነበር። በመተማ ምድር ምዕራብ ማለት ሱዳን ነው፤ ስለዚህ የከተማው ሳህን ሁሉ ድንበር ማዶ ገላባትን እያየ ነው የኖረው። የአዲስ አበባን ወሬ ለመስማት ፊትን ወደ ካርቱም ማዞር ግድ ነበር ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት መጣ። ሳተላይቱ ኤንኤስኤስ 12 ይባላል፤ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ወደዚያ ሲሻገሩ ከተማው ሳህኑን ከድንበሩ ነጥሎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ መሃል አገር አዞረ። የትኛውም የፖለቲካ ፓርቲ ያን ያህል ሕዝብ ባንድ ጊዜ ፊቱን ሊያስዞር ችሎ አያውቅም።

ለባለጉልቶቻችን ያ ወቅት ሠርግና ምላሽ ነበር። አንዱን አቅጣጫ ላጣ ነው ብሎ የጨነቀው ሰው አለ፤ የዐረብ ፊልሙንም የአገሩንም ዜና ይፈልጋል። በሁለቱ ሳተላይቶች መካከል 64 ዲግሪ ስላለ በአንድ ሳህን ሁለት ዓይን ሰክቶ መድረስ አይቻልም። ሁለተኛ ሳህን ተተከለ፤ ሁለተኛ ጉልት ተቆረሰ። በገዛ ጉልበቱ ሳህኑን ሊያዞር የሞከረ ጎረምሳም አልጠፋም። ሳህኑን አዞረው፤ ሪሲቨሩ ግን አራት ቁጥር ጠየቀው።

ለመሆኑ ከቁልፉ ጀርባ የተቀመጠው ምሥጢር ምንድን ነው? የኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲ፤ 11105፣ አግድም፣ 45000። አለቀ። ጣቢያዎቹ ራሳቸው ተመልካች እንዲያገኛቸው ብለው ሲያስተዋውቁት የኖሩት ቁጥር ነው። አብዛኛው ሪሲቨር ደግሞ ሰማዩን ራሱ አስሶ ያገኘውን ይደረድራል። ጥበብ የለም እያልኩ አይደለም። ሳህን ማቆም፣ ዓይኑን በልክ ማዘንበል፣ ገመዱን ውኃ እንዳይገባው አድርጎ ማሰር እውነተኛ ሙያ ነው፤ ሳይማሩት አይመጣም። ግን ልብ በሉ፤ ባለሙያዎቻችን ይህን እውነተኛ ሙያቸውን ለማንም በግልጽ እያሳዩ፣ ማንም የሚያውቀውን ቁጥር ይቆልፋሉ።

ሕግ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው እዚህ ላይ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያመጣብኛል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ የሚባለውን። አዋጁ ሐሳብን፣ ሥርዓትን፣ የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም፤ ስለዚህ 11105 የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም። የኮምፒውተር ፕሮግራምን ግን ከመጽሐፍ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። «ይኸው! ልጁ ፕሮግራም አድርጓል!» ልል አፌን ስከፍት አዋጁ ራሱ ይዘጋብኛል። በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል ታዝዞ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው ይላል። ያዘዙት እትዬ ናቸው። ሌላ ስምምነት አለ? ያለው ስምምነት «ስንት ነው?»፣ «ይኼን ያህል»፣ «ቀንስ እንጂ»፣ «እሺ ለእርስዎ» ነው። ስለ ባለቤትነት አንድ ቃል የለበትም። እንግዲህ የቻናሎቹ ድርድር የልጁ የአእምሮ ፍሬ ነው ብለን ብንቀበለው እንኳ፣ በአገሩ ሕግ ፍሬው የወደቀው በእትዬ ቅርጫት ውስጥ ነው።

ደንበኛዬን ግን ተስፋ አላስቆርጠውም። የሙያ ወንድሞቹ ያሉበትን አገር ላሳየው።

አሜሪካ ውስጥ የሀብታሙ ቤት መብራት፣ መጋረጃ፣ ሙዚቃ፣ ማቀዝቀዣ ሁሉ በአንድ ስክሪን ነው የሚታዘዘው። ክረስትሮን የሚባለው የኒው ጀርሲ ኩባንያ ይህን መሣሪያ ይሠራል። መሣሪያው ከካርቶን ሲወጣ ምንም አያውቅም፤ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ፕሮግራም ይጻፍለታል። ፕሮግራመሩ በላፕቶፑ የሚጽፈው ሰው ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችለውን ፋይል ነው፤ ቤቱ ውስጥ የሚጫነው ግን ማሽን ብቻ የሚገባው ሆኖ የታሸገው ነው። ዋናው ፋይል ከፕሮግራመሩ ጋር ይሄዳል። ከእሱ ጋር የተጣላ፣ ወይም የሞተበት ባለ ቪላ አንድ አምፖል ለመጨመር ሥራውን ከሀ ጀምሮ ሊያስጽፍ ይችላል። ኮንትሮል ፎር የሚባለውም ዋናውን የማስተካከያ ሶፍትዌር ለተፈቀደላቸው ነጋዴዎች ብቻ ሲሰጥ ኖሯል፤ ለቤቱ ባለቤት የሚደርሰው ጥቃቅኑን ብቻ የሚነካበት ነው።

ሕጉም እዚያ ያዘነብልላቸዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ አንድ ሐውልት ፈረደ። ቤት ለሌላቸው የሚሟገት የዋሽንግተን ማኅበር ጄምስ ኧርል ሪድ ለተባለ ቀራጺ ሥራ አዝዞ ኖሮ፣ ሐውልቱ ካለቀ በኋላ መብቱ የማን ነው በሚል ተካሰሱ። ፍርድ ቤቱም ቀራጺው ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ ነውና ማኅበሩ ስላዘዘና ስለከፈለ ብቻ የመብቱ ባለቤት አይሆንም አለ። ከዚያ ወዲህ እዚያ አገር በጽሑፍ ያልተዋዋለ አሠሪ፣ ፋይሉን ከፕሮግራመሩ እጅ ለማውጣት ቢለምን ነው የሚሻለው።

ስለዚህ ለደንበኛዬ ያለኝ ምክር አንድ ነው። ወንድሜ፣ ዲቪ ሙላ። ክርክርህ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው አገርህ ነው።

እስካሁን ያልኩት ጨዋታ ነው፤ ቻናል ቢጠፋ የሚቀረው ኳስ ነው። እነዚሁ ባለጉልቶች የሚገጥሙት የጥበቃ ካሜራ ነገር ግን እንዲህ በሳቅ አይታለፍም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሰሊጥ መጋዘኑም፣ ሆቴሉም፣ የዕቃ መደብሩም ካሜራ አስገጥሟል። የመቅጃ ሳጥኑን ከሚሠሩት ትልልቆቹ አንዱ ሂክቪዥን ነው፤ እሱ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣውን የታወቀ ፓስወርድ አስቀርቶ፣ መጀመሪያ ሲበራ ባለቤቱ የራሱን እንዲያወጣ አስገድዷል። መልካም አሳቢ ናቸው። ያላሰቡት ነገር ሸሕዲ ላይ ሳጥኑን መጀመሪያ የሚያበራው ባለቤቱ አለመሆኑን ነው። የሚያበራው ገጣሚው ነው፤ ፓስወርዱን የሚያወጣው ገጣሚው ነው፤ ካሜራው በስልክ እንዲታይ ሲደረግም አካውንቱ የሚከፈተው በገጣሚው ስልክ ነው። ባለቤቱ እንግዳ ሆኖ ይጋበዛል። ሳጥኑ አንዴ በአንድ አካውንት ከተመዘገበ ደግሞ ያ ሰው ካለቀቀው በስተቀር ሌላ ሰው በስሙ ላስመዝግብ ቢል እምቢ ይለዋል።

እንግዲህ አስቡት። የሆቴሉን መተላለፊያ፣ የገንዘብ መሳቢያውን፣ ማን ከማን ጋር እንደገባ፣ ሰሊጡ በስንት ሰዓት እንደተጫነ፣ በርቀት ተቀምጦ የሚያይ ሰው አለ። ይህን በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ዓይን ካየነው ያለ ፈቃድ መግባት ይባላል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን ምስል እንዲህ ማግበስበስን በደስታ አይመለከተውም። እኔ ግን ጠበቃ ነኝና ሌላ ስም አለኝ፤ ከሽያጭ በኋላ የሚሰጥ አገልግሎት።

የአገልግሎቱ ጥራት የሚታየው ሌባ የገባ ዕለት ነው። ፖሊስ ይመጣል። «ቅጂውን አምጣ» ይላል። ባለ መጋዘኑ ሳጥኑን ያያል፤ ሳጥኑ ፓስወርድ ይላል። ገጣሚው ጎንደር ነው። ስልኩ ቢነሳ፣ መንገዱ ቢከፈት፣ መኪና ቢገኝ፣ ሲመች ይመጣል። ከዚህ ቀደም ደግሞ «በኢንተርኔት ከዚሁ ሆኜ አስተካክልልሃለሁ» ተብሎ ነበር ፓስወርዱ እሱ ጋ የቀረው፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋ ጊዜ ይህ ተስፋ የት እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። ሳጥኑ ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን እየሰረዘ በላዩ ላይ ይቀርጻል። ባለሙያው በክብር ሲደርስ፣ ፓስወርዱን በመዳፉ ከልሎ ሲጽፍ፣ ሌባው ከዲስኩ ላይ ወጥቶ ሄዷል፤ የሚታየው ባለ መጋዘኑ በሳጥኑ ፊት ቆሞ ራሱን ሲያክ ነው።

ለደንበኛዬ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል የእሱንም ወገን ልናገር፤ ይህን ሳልሸሙጥ ነው የምለው። ቁልፉ ዝም ብሎ አልመጣም። ሕፃን ልጅ ሪሞት ይዞ ቻናል ያጠፋል፤ የሰፈር አዋቂ «ልሞክረው» ብሎ ሁሉን ያተራምሳል፤ ከዚያ ለባለሙያው ተደውሎ «ያበላሸኸውን ናና ሥራ» ይባላል፤ የመጣበትም አይከፈለውም። ሌላም አለ። አንዱ ለፍቶ የደረደረውን ሌላው በፍላሽ ገልብጦ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ይህ እውነተኛ በደል ነው፤ መፍትሔው ግን ቁጥሩን ከሪሲቨሩ ባለቤት መደበቅ ከሆነ፣ በሬ የሰረቀውን ትቶ በሬ የተሰረቀበትን ማሰር ነው። የፓስወርዱን ቁጥር በደረሰኙ ጀርባ ጽፎ፣ «ነክተው ካበላሹ ድጋሚ ክፍያ አለው» ብሎ አስፈርሞ መስጠት ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ይህን የሚያደርጉ ልጆች በከተማችን አሉ። ሥራ ሲያጡ አላየኋቸውም። መቼም እንዲህ ያለ ነገር የባለጉልትነትን ማዕረግ ስለሚያዋርድ ብዙዎቹ አይሞክሩትም።

ማዕረጉ ካልቀረ ግን ሥርዓት ይኑረው። የድሮው ገባር ከግብሩ ብዛት በቀር የሚያማርረው የለም አይባልም፤ ቢያንስ ግን መቼ እንደሚገብር ያውቅ ነበር። የዘንድሮው ገባር ይህ እንኳ የለውም። ግብሩ የሚመጣው የአርሴናል ጨዋታ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ቢራው ቀዝቅዞ፣ ስክሪኑ «ሲግናል የለም» ሲል ነው። በዚያች ሰዓት ዋጋ መደራደር አይታሰብም፤ የተባለው ይከፈላል። ስለዚህ ለከተማው አስተዳደር የማቀርበው ሐሳብ አለ። በየጣሪያው ላይ የባለጉልቱ ስም በቀለም ይጻፍ። ቤት ሲሸጥም ውሉ ላይ «ቤቱ፣ ግቢው፣ ጉድጓዱ የገዢው ሲሆን፣ ቻናሎቹ ግን እንደተለመደው የእገሌ ናቸው» ተብሎ ይካተት። ሰው ሲሞት ወራሾቹ መጀመሪያ ዲሽ ሠሪውን እጅ ይንሱ።

አንድ ነገር ጥብቅናዬን ያከብድብኛል፤ የደንበኛዬ ላፕቶፕ። «ሥራዬን ማንም አይነካብኝም» የሚለው ይህ የአእምሮ ንብረት ዘበኛ ላፕቶፑን ሲከፍት ዊንዶውሱ ያልተከፈለበት ነው። የሪሲቨሩን ሶፍትዌር የሚጭንበት ፍላሽ ከጓደኛው የተገለበጠ ነው። የተቆለፉ ቻናሎችን የሚከፍትበት ቁልፍ ከቴሌግራም የወረደ ነው። እግረ መንገዱን ለደንበኞቹ የሚጭንላቸው ፊልም የማን እንደሆነ አይጠየቅም። የሰው ሁሉ የጋራ፣ የእሱ ብቻ የግል ነው። ዳኛ ፊት ብንቀርብ ይህን ላፕቶፕ ቤት ትተኸው ና ልለው አስቤያለሁ።

ሌላውም ፈተና ይኼው ነው። እትዬ ለምነውት ለምነውት ልጁ አንድ ቀን መጣ እንበል። ሪሞቱን ያዘ። አራት ቁጥር ጻፈ፤ እምቢ አለው። ሌላ አራት ቁጥር ጻፈ። የልደት ዓመቱን ሞከረ፤ የስልኩን መጨረሻ ሞከረ፤ የሚስቱንም ሞከረ። የስንቱን ቤት ቁጥር ያስታውስ? ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ዕቃውን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መለሰው። ያ ሁሉ የተከለከለ፣ የተከበረ፣ «የእኔ ሥራ» የተባለ ድርድር በአንድ ጊዜ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ሪሲቨሩን እንዲያስስ አዝዞት እሱ ቡናውን ጠጣ፤ ስኒው ሳያልቅ ቻናሎቹ ተመለሱ። ስፖርቱን ከላይ አደረገ፤ ዜናውን ከመሃል። ሙሉ ሂሳብ ተቀበለ። በአዲስ ፓስወርድም ቆለፈው። ለሟቹ ፋይል ድንኳን የተከለ የለም።